እንጨት የድንጋይ መምህር

በሐዋሳ ከተማችን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ የባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ ሆኖ ይቆማል፤ ሥራው በተፈጸመ ጊዜም ተነቅሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ድንጋይን ጌታ፣ እንጨትን ግን አገልጋይ አድርጎ ይቈጥራል። የአገራችን የሕንፃ ታሪክ ግን ይህን አሳብ ይቃወመዋል።

በላስታ ምድር፣ ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በጥድ ደን በተከበበ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ያሠራት ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው፣ ክህነትን ከመንግሥት ጋር አስተባብሮ የያዘው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ግድግዳዋ አንዱ ረድፍ ጠቍሮ የሚታይ እንጨት፣ አንዱ ረድፍ የነጣ ልስን ያለው ድንጋይ እየሆነ ተደራርቦ ተሠርቷል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቷት በመጽሐፉ ጽፏል።

ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የተወረሰ ነው። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች የተመለከተ ሰው፣ የአግዳሚ እንጨትና ከግድግዳ ወጣ ያለ የእንጨት ጫፍ ምስል በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ያያል። በላሊበላም የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ በአለቱ ላይ አውጥተውታል። አለት ማገር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ጠራቢው ከአናጢው የተማረውን መልክ አልተወም። እንግዲህ ዓለም የሚያደንቀው ድንጋይ የእንጨት ደቀ መዝሙር ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሆኖም መምህሩ ከደቀ መዝሙሩ ይልቅ ደካማ ነው። በሩማንያ አገር፣ በማራሙሬሽ መንደሮች የሚገኙ 8 የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት በ1992 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ ክዳናቸውም እንጨት ስለ ሆነ በየጊዜው መታደስ አለበት። በትግራይ ያለው፣ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ታድሷል። ይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻው ከዝናብ ይጋርዳታል፤ ከምስጥና ከእሳት የሚጠብቃት ግን ሰው ነው። አለት ያለ ጠባቂ ዘመናትን ይሻገር ይሆናል፤ እንጨት ግን የሚኖረው ደኑን የሚጠብቅ፣ የአናጢነትንም እጅ ለልጁ የሚያወርስ ትውልድ እስካለ ድረስ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ላሊበላን ለመሳለም በሄድህ ጊዜ ደቀ መዝሙሩን አይተህ መምህሩን ሳትጎበኝ አትመለስ።