የቆዩ የኮንሶል ጨዋታዎችን የሚችል ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

ጎበሳን በመሳሰሉ የአርሲ ደጋማ ከተሞች ላፕቶፕ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ለአንድ አገልግሎት ብቻ አይደለም። ከስንዴና ከገብስ ሽያጭ በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛ አንድ ዕቃ ለተማሪው ማጥኛ፣ ለሱቁ ሒሳብ መያዣ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ ለወጣቶቹ መጫወቻ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ምርጫው ከተሳሳተ ጉዳቱ የመላ ቤተሰቡ ነው። በተለይ በፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚታወቁትን የቆዩ ጨዋታዎች በላፕቶፕ ለመጫወት የሚፈልግ ገዢ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ።

ኢሙሌተር ምንድን ነው?

ኢሙሌተር አንድን ኮምፒውተር እንደ ሌላ መሣሪያ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ለፕሌይስቴሽን 1 ደክስቴሽን፣ ለፕሌይስቴሽን 2 ፒሲኤስኤክስ 2፣ በእጅ ለሚያዘው ፒኤስፒ ደግሞ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባሉት ይታወቃሉ። ዶልፊን የተሰኘው የኒንቴንዶን ጌምኪዩብና ዊ ጨዋታዎች ያጫውታል። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ፤ ኢሙሌተር ለመሸጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም መጠራጠር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ራም 32 ሜጋባይት፣ የፕሮሰሰሩም ፍጥነት 300 ሜጋኸርትዝ ገደማ ብቻ ነበር። ሆኖም እሱን ለመተካት ብዙ እጥፍ ብርቱ የሆነ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ምክንያቱም ኢሙሌተሩ ለሌላ መሣሪያ የተጻፈውን እያንዳንዱን ትእዛዝ በቅጽበት እየተረጎመ፣ የምስሉን፣ የድምፁንና የስሌቱን ክፍሎች እኩል ማስኬድ አለበት። ትርጉሙ ከዘገየ ጨዋታው ይንቀራፈፋል፤ ድምፁም ይቆራረጣል።

ፕሮሰሰሩን ማንበብ

በዚህ ሥራ ከፕሮሰሰሩ የኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል። በመሆኑም ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው «አይ 5» ወይም «አይ 7» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ «አይ 5-8250ዩ» በሚለው ስያሜ የመጀመሪያው 8 ፕሮሰሰሩ የ8ኛው ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ቁጥሩ አምስት አኃዝ ሲኖረው፣ እንደ 10210 ባሉት ላይ፣ ትውልዱ የሚነበበው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። «ዩ» ኃይል ቆጣቢ መሆኑን፣ «ኤች» ግን ለከባድ ሥራ የተሠራ መሆኑን ያሳያል። «አይ 7-7500ዩ» ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የመጣው «አይ 5-8250ዩ» አራት አለው። ስሙ ዝቅ ያለው በሥራ ሊልቅ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሴሌሮን የሚል ስም ያለባቸው ርካሽ ላፕቶፖች ደግሞ ለቀላል ጽሑፍ ሥራ እንጂ ለፕሌይስቴሽን 2 አይመከሩም።

ለየትኛው ጨዋታ ምን ያህል?

ለፕሌይስቴሽን 1ና ለፒኤስፒ 4ኛ ትውልድ አይ 3 ወይም አይ 5 ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ለፕሌይስቴሽን 2ና ለጌምኪዩብ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ አይ 5 ወይም ተመጣጣኝ ራይዘን ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ማከማቻ ቢኖር ይመረጣል። ለፕሌይስቴሽን 3 ግን ብዙ ኮር ያለው ብርቱ ፕሮሰሰርና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል፤ ተራ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ አይወጣውም።

የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ምስሉም ከራሙ ስለሚካፈል፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ከመሆን ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ቢሆን ፍጥነቱ ይሻላል። የማከማቻ ቦታም መታሰብ አለበት፤ የአንድ ፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ፋይል እስከ 4.7 ጊጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ያገለገሉ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ለቢሮ ሥራ የተሠሩ በመሆናቸው ጠንካራ ናቸው። ከእነዚህ ላቲቲዩድ 7490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 እና ቲንክፓድ ቲ 480 በ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ይገኛሉ። የትውልዱ ጉዳይ ከጨዋታም ያልፋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም።

ከመክፈል በፊት

ዕቃው ከአሰላ ወይም ከአዲስ አበባ የሚገዛ ከሆነ፣ ለመመለስ ሌላ የመንገድ ወጪ ስለሚያስከትል ፍተሻው እዚያው ሱቁ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና የማከማቻው ዓይነት ይታያሉ። ሻጩ ከተናገረው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቀጥሎም ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ማጫወት የባትሪውን አቅም ያሳያል። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንሱም ማወቅ ይገባል። የማራገቢያው ድምፅ፣ የማጠፊያው ጥንካሬ፣ ሁሉም የፊደል ቁልፎችና የዩኤስቢ ቀዳዳዎች መፈተሽ አለባቸው፤ የጨዋታ መቆጣጠሪያው የሚሰካው በዩኤስቢ ነውና።

ኢሙሌተር ፕሮሰሰሩን ለረጅም ሰዓት ስለሚያጋግል፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ አድርጎ መጫወት የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። በበጋ አቧራ የሚጠጣው ማራገቢያም በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል።

ሕጉና ቀላሉ መንገድ

ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ኮኔክቲክስ በተባለ ኩባንያ ላይ በመሠረተው ክስ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ጨዋታዎቹና የኮንሶሉ የውስጥ ፕሮግራም ግን ባለቤት አላቸው። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ይጠብቃል። ከማይታወቅ ፍላሽ የተገለበጠ ጨዋታ ከሕጉ በተጨማሪ ቫይረስ ይዞ የተማሪውን ጽሑፍና የሱቁን ሒሳብ ሊያጠፋ ይችላል።

በመጨረሻም፣ የሚፈለገው የእግር ኳስ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ኢሙሌተር ላያስፈልግ ይችላል። ፊፋ 14 እና ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2013 ለኮምፒውተር ጭምር የተሠሩ በመሆናቸው፣ ትርጉም ስለማያስፈልጋቸው ደከም ባለ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ይሠራሉ። ስለዚህ ገዢው በቅድሚያ የሚፈልጋቸውን ጨዋታዎች ስም ጽፎ፣ የትኛው በቀጥታ ለኮምፒውተር እንደተሠራ አጣርቶ፣ ከዚያ ወደ ገበያ ቢወጣ ለማያስፈልገው አቅም ገንዘብ ከማውጣት ይድናል።