ታጥቦ ይጣል የተባለው ቅርፊት

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ጀርማኒየም የት ገባ? ደብተራችን ላይ ሁልጊዜ ከሲሊከን ጎን ይጻፍ ነበር እኮ፤ አሁን ግን ወሬው ሁሉ ሲሊከን ብቻ ነው» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቆንጆ ነው፤ መልሱ ግን ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ትራንዚስተር በ1947 መጨረሻ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ሲወለድ ከጀርማኒየም ነበር የተሠራው። በ1954 ገበያ የወጣው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮም እንዲሁ። ጀርማኒየም ግን ሙቀት አይችልም። ሲሞቅ መዝጋት ያለበትን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ከ70 እና 80 ዲግሪ በኋላማ የሚታመን አይደለም። ግራ ካሱን ወርዶ፣ አላማጣንና ዋጃን አልፎ በግንቦት ቆቦ የገባ ሰው፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ብረት እጅ እንዴት እንደሚያቃጥል ስለሚያውቅ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጀርማኒየምን ከዙፋኑ ያወረደው ግን ከሙቀቱ ይልቅ ዝገቱ ነው። አዎ፣ ዝገት! የማረሻ ብረት ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፣ ዝገቱ ይፈረፈራል፣ ከሥር ያለው ብረት እንደገና ይጋለጣል፤ እንዲህ እያለ እስኪያልቅ። የአሉሚኒየም ድስትም ኦክስጅን ያገኘዋል፤ የሱ ዝገት ግን ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ሆኖ ይጣበቅና የቀረውን ይጠብቃል። የጀርማኒየም ኦክሳይድ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። የሲሊከን ኦክሳይድ ደግሞ ብርጭቆ የሚሠራበት ነገር ራሱ ነው፤ ውኃ አይፈታውም፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ለብዙ አሲድም አይበገርም።

ይሄ ለምን አስፈለገ? የጠጣር ነገር ገጽ ችግር ስላለበት ነው። ሲሊከን ውስጥ ያለ አቶም በአራት እጁ አራት ጎረቤት ይይዛል፤ ገጽ ላይ ያለው ግን እጁ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ እጅ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይዞ ያስቀራል። የራያ ገበሬ ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ከተራራው የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ሲለቅ፣ መሬቱ የተሰነጠቀ ዋልካ ከሆነ የመጀመሪያውን ውኃ የሚጠጣው ስንጥቁ ነው፤ ስንጥቁ ሳይጠግብ ውኃው ወደፊት አይሄድም። ከላይ በኤሌክትሪክ መስክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትራንዚስተር የመሥራት ሐሳብ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነበረ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያልተሳካው በአብዛኛው በዚህ «ስንጥቅ» ምክንያት ነው።

በ1955 እዚያው ቤል ላብስ ካርል ፍሮሽና ሊንከን ዴሪክ ሲሊከንን በጋለ ምድጃ ውስጥ እያሳለፉ ነበር። በምድጃው የሚያልፈው ሃይድሮጅን ሳይታሰብ ተቀጣጠለ፤ ሃይድሮጅን ሲነድ ደግሞ ውኃ ይሆናል። እንፋሎቱ ሲሊከኑን አገኘውና አንጸባራቂ አረንጓዴ ሽፋን ለብሶ ወጣ። ሌላ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይጥለው ነበር። እነሱ ግን አጠኑት፤ ሽፋኑ ፎስፎረስንና ቦሮንን እንደሚያግድ፣ ቀዳዳ ከተበጀለት ደግሞ በቀዳዳው ብቻ እንደሚያሳልፍ አረጋገጡ።

ቀጥሎ የመጣው ሰው የኛው አህጉር ልጅ ነው። መሐመድ አታላ በ1924 ግብጽ፣ ፖርት ሳይድ ተወለደ፤ ካይሮ ተምሮ አሜሪካ ሄደና በ1949 ቤል ላብስ ገባ። እሱና ባልደረቦቹ ሲሊከንን በጥንቃቄ አጽድተው በሙቀት ኦክሳይድ ሲያበቅሉበት፣ ገጹ ላይ ያሉት ባዶ እጆች አብዛኞቹ ኦክስጅን ጨብጠው አረፉ። ስንጥቁ ተደፈነ ማለት ነው። ከዚያ በ1959 ከኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ጋር ሆኖ፣ በብረትና በሲሊከን መሀል ኦክሳይድ የተቀመጠበትን ትራንዚስተር ሠሩ። ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠረው የዚያ ዘር ነው።

በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌርቻይልድ የሚባል ኩባንያ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ዣን ሆርኒ ሌላ ድፍረት አመጣ። የዘመኑ ልማድ ኦክሳይዱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቆሽሿል ተብሎ ታጥቦ እንዲወገድ ነበር። ሆርኒ ተዉት፣ እላዩ ላይ ይቅር አለ። ቅርፊቱ ቀረ፣ መገጣጠሚያዎቹን ከአቧራና ከእርጥበት ጠበቀ፤ በዚያ ላይ ነው ሮበርት ኖይስ ሽቦውን ዘርግቶ የተቀናጀውን ሰርኪዩት ያሰበው።

ኖቤሉ በ1956 ለሾክሌይ፣ ለባርዲንና ለብራተን ተሰጠ፤ በ2000 ለኪልቢ። አታላና ካንግ አላገኙም። እኔ በበኩሌ ይሄ ፍርድ አይዋጥልኝም። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ትልቅ ግኝት ነው፣ አልክድም፤ ግን ያ ዓይነት ዛሬ የሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ነው። (አታላ በኋላ ወደ ባንክ ደኅንነት ዞሮ የኤቲኤም የምስጢር ቁጥር የሚጠብቅ መሣሪያ ሠራ። ሰውየው የመጠበቅ አባዜ ነበረበት መሰለኝ።)

ደግሞ ነገሩ ከአገራችን ሙሉ በሙሉ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የሚባል የታንታለም ማዕድን ማውጫ አለ። ከታንታለም የሚሠራው ካፓሲተር የሚሠራው ብረቱ ላይ ሆን ተብሎ በሚበቅል ስስ ኦክሳይድ ነው። አፈሩን ሸጠን ቅርፊቱን እንገዛለን።

ወደ ሲሊከን እንመለስ። የአታላና የካንግ ኦክሳይድ 100 ናኖሜትር ያህል ነበረ። በ2003 ወደ 1.2 ናኖሜትር ወረደ፤ የአምስት አቶም ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። እዚያ ሲደርስ ኤሌክትሮን ግድግዳውን ሾልኮ ማለፍ ጀመረ። በ2007 ኢንቴል በሃፍኒየም ኦክሳይድ ተካው፤ ወፍሮ ሳለ እንደ ስስ የሚሠራ ስለሆነ።

አሁን ጥያቄው ራሱ ሴሚኮንዳክተሩን ወደማሳሳት ዞሯል። ሲሊከን ከጥቂት ናኖሜትር በታች ሲሳሳ ገጹ ኤሌክትሮኑን እያደናቀፈ ያስቸግራል። በ2011 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ፣ ከአንድ የሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ንጣፍ ትራንዚስተር ተሠራ፤ ውፍረቱ 0.65 ናኖሜትር! እንዲህ ያሉት ንጣፎች ገጻቸው ላይ ባዶ እጅ የላቸውም። ደስ ይላል፤ ግን ችግሩም እዚያው ነው፤ የሚጨበጥ እጅ ከሌለ ኦክሳይድ በወግ አይተከልባቸውም። በግድ ይዝጉ ከተባለ ደግሞ የሚበላው ከራሳቸው ነው። ሦስት እንጀራ ያለው ሰው አንዱን ለሌማቱ መክደኛ ሲያደርገው አስቡት።

ቢሆንም አንዳንዱ ተሳክቷል። ተንግስተን ዳይሰለናይድ በኦዞን ቀስ ተብሎ ሲታከም የላይኛው ንጣፍ ብቻ ኦክሳይድ ሆኖ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ያ ኦክሳይድ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ኤሌክትሮን ስለሚስብ የንጣፉን ጠባይ ይለውጠዋል፣ ክፍተቶች እንዲጎርፉበት ያደርጋል። በኃይለኛ ፕላዝማ ከታከመ ግን ይቆሳሰላል። ጥቁር ፎስፎረስ ደግሞ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት አንድ ላይ ካገኙት ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ የጀርማኒየምን ዕጣ ያስታውሰኛል። በ2017 የስታንፎርድ ሰዎች ሃፍኒየም ዳይሰለናይድ ሲዝግ የራሱን ሃፍኒየም ኦክሳይድ እንደሚያወጣ አሳዩ፤ ያው ኢንቴል ከውጭ አምጥቶ የለጠፈውን ማለት ነው። በ2020 ደግሞ ቤጂንግ ላይ ቢዝመዝ ኦክሲሰለናይድን እላዩ ላይ በራሱ ኦክሳይድ ሸፍነው ትራንዚስተር አድርገውታል።

ታይዋንና ቻይና ለዶክትሬት ሄዳችሁ በዚህ መስመር ላይ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኦዞኑን ስንት ደቂቃ፣ በስንት ዲግሪ እንደምትለቁና የላይኛው ንጣፍ ብቻ መዛጉን በምን እንደምታረጋግጡ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በአማርኛ ይሁን፤ ቆቦ ያሉት የ12ኛ ክፍል ልጆች ያነቡታል።