በተከማቸ ጽሑፍ ውስጥ ስምን የመተካት ዘዴ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

አንድን ደብዳቤ አንድ ጊዜ አርቅቆ ስሙንና ቀኑን ብቻ እየለወጡ ለብዙዎች መላክ የቆየ የጽሕፈት ቤት ልማድ ነው። በብራና ዘመንም ጸሐፊው የጸሎት መጽሐፉን ጽፎ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ስፍራ ክፍት የሚተውበት ጊዜ ነበር። ኮምፒውተር ይህንኑ ልማድ ሲወርስ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም በፋይል የተቀመጠው ጽሑፍ የሚሞላ ቅጽ ነው ወይስ የሚፈጸም ትእዛዝ የሚለው ነው።

በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን የትእዛዝ ቋንቋ፣ የዶላር ምልክት የቀደመውን ስም በያዘው ዋጋ ይተካ ነበር። ላሪ ዎል በ1987 ያወጣው ፐርልም በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለው ስም እንዲተካ፣ በነጠላ ጥቅስ ያለው ግን እንዳለ እንዲቀር ደነገገ። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው በፕሮግራሙ ውስጥ በተጻፈው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። ከፋይል በተነበበ ደብዳቤ ውስጥ የሚገኘው የዶላር ምልክት ተራ ፊደል ሆኖ ይቀራል፤ ጀማሪ ተማሪዎችን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። አንዳንዶች በመፍትሔነት የያዙት የተነበበውን ጽሑፍ እንደ ፕሮግራም አድርጎ ማስፈጸም ነው። አሠራሩ ግቡን ይመታል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ለማረም የተፈቀደለት ሁሉ ማሽኑን የማዘዝ፣ ፋይል የማስደምሰስም ሥልጣን አገኘ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ሊፈቀድ አይገባውም።

በ2004 የወጣው ፓይተን 2.4 ጠባቡን መንገድ መረጠ። በባሪ ዋርሶ ሐሳብ አቅራቢነት የገባው የቴምፕሌት ዘዴ ስምን በዋጋ ከመተካት በቀር ሌላ አያደርግም፤ ዋጋ ያልተሰጠው ስም ቢያጋጥመው ስሕተቱን ያስታውቃል፣ ወይም እንደ ፕሮግራመሩ ምርጫ ስፍራውን ሳይነካ ያልፈዋል።

ስፍራው በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም መጠራቱ የቃላት ቅደም ተከተሉ ከእንግሊዝኛ ለሚለየው አማርኛ ይስማማዋል። ሆኖም የስም መተካት ብቻውን አይበቃም። «ተማሪ እገሌ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል» የሚለው ጽሑፍ እገሌን በአልማዝ ቢተካ ተማሪዋን ወንድ ያደርጋታል። እገሌና እገሊት ብሎ አስቀድሞ ለሚለይ ቋንቋ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ስለሆነም የውጤት መግለጫ ቅጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የግሡን መጨረሻ ቆርጠው ቅጥያውን ከመተካት ይልቅ፣ «ተዛውሯል» እና «ተዛውራለች» የሚሉ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ቢያስቀምጡና ፕሮግራሙ በመዝገቡ ላይ ያለውን ጾታ አይቶ እንዲመርጥ ቢያደርጉ ይሻላል።