የሐረማያ ሐይቅ ወፎችና የፎቶግራፍ ምስክርነት

በበደሳና በጭሮ (በቀድሞው አሰበ ተፈሪ) ያደግን ሰዎች ስለ ውኃ ወፎች ስንጠየቅ፥ አሳባችን በሂርናና በቁልቢ አልፎ ወደ ሐረማያ ሐይቅ ይሄዳል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በዚያ ሐይቅ ላይ የተነሣ የወፍ ፎቶግራፍ ለታሪክ ጸሓፊ ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል የሚል ነው።

የአገራችን ወፎች ለሳይንስ አስቀድመው የተመዘገቡት በጠመንጃ ነበር። ጀርመናዊው ካርሎ ፎን ኤርላንገር እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1901 በሐረር በኩል ወደ መኻል አገር ሲጓዝ፥ የወፎችን ቆዳ ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የመጣው አሜሪካዊ ሉዊስ አጋሲ ፉየርቴስ ደግሞ መልካቸውን በቀለም ሣለ። ኋላም ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን በሻላ ሐይቅ የሚራቡትን ፔሊካኖች በትዕግሥት ተመልክተው፥ ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። እንግዲህ ወፍን በሕይወቱ ሳለ ማጥናት ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው።

ለፎቶግራፍ የሚመረጡት ወራት የካቲትና መጋቢት ናቸው። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡት ዳክዬዎች በዚያ ጸደይ ሲቃረብ ለመመለስ ይሰናዳሉ። አንሺው ጎሕ ሲቀድ ፀሓይን ከጀርባው አድርጎ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ መንጋውን እያስበረገገ የሚያነሣ ሰው ለረዥሙ ጉዞ ያጠራቀሙትን ኃይል ያባክንባቸዋል።

ወደ ሐረማያ እንመለስ። ውኃው ለጫትና ለአትክልት መስኖ፥ ለከተሞችም መጠጥ ሲቀዳ፥ ከተራቈተው ተዳፋትም ደለል ሲወርድበት፥ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደረቀ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን ውኃው ተመልሷል። የውኃውን መመለስ ማንም ያያል፤ ወፎቹ እንደ ቀድሞው ተመልሰዋል ብሎ ለመፍረድ ግን የቀድሞው ሥዕል ያስፈልጋል። ምናልባት በየቤቱ አልበም ውስጥ፥ ለሽርሽር ሄደው ከተነሡት ሰዎች ጀርባ፥ ወፎቹ ይገኙ ይሆናል። ነገር ግን ቀንና ስፍራ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም አንድ ሥዕል ወፉ መኖሩን እንጂ የመንጋውን ብዛት አያስረዳም፤ ባዶ ውኃ የሚያሳይ ሥዕልም ወፍ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ስለዚህ የሐረርጌ ልጆች የሆናችሁ ጓደኞቻችን፥ ለዕረፍት ስትመለሱ አልበሙን ከወላጆቻችሁ ጋራ ግለጡ፤ ቀኑንና ስፍራውንም ጠይቃችሁ በጀርባው ጻፉበት። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ተመልሷል፤ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ግን ካለፉ አይመለሱም።