«ገዳዩ ማነው?» በእንግሊዝ መንደርና በእኛ ሜዳ

በእንግሊዝ ገጠር፣ በልበ ወለዱ ማለታችን ነው፣ ሰው ሲሞት አሟሟቱ ወግ አለው። ወይ በቄሱ ቤት የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይገኛል፤ ወይ የአበባ ውድድር በሚደረግበት ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ይወድቃል፤ ወይም ደግሞ በምግብ ዳኝነት ተቀምጦ የቀመሰው ነገር ይገድለዋል። ይህ የመጨረሻው ማሪዮን ቼዝኒ ኤም. ሲ. ቢተን በሚለው የብዕር ስሟ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የተፈጸመ ነው። አጋታ ሬዝን የምትባል ዕድሜዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገባ ሴት የለንደን ድርጅቷን ሸጣ ካርስሊ ወደምትባል መንደር ትገባለች። ጎረቤት እንዲወዳት ብላ ለምግብ ውድድር ትመዘገባለች። ሴትዮዋ ግን ሽንኩርት እንኳ መክተፍ አይሆንላትም። ስለዚህ ኪሽ የሚሉትን፣ በሊጥ ውስጥ እንቁላልና ወተት ተጨምሮ የሚጋገረውን ምግብ ለንደን ካለ ሱቅ ገዝታ «እኔ ነኝ የጋገርሁት» ብላ ታቀርባለች። ዳኛው የተረፈውን ቤቱ ወስዶ ይበላና ያድራል፤ አያድርም እንጂ። መርዝ ነበረበት። እንግዲህ አጋታ ከነፍሰ ገዳይነት ሐሜት ለመዳን በሱቅ ምግብ ማጭበርበሯን ለመንደሩ ማመን ግድ ሆነባት። ከሁለቱ ውርደቶች የትኛው እንደባሰባት ለመለየት መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህን መጽሐፍ እኛ ያገኘነው ሽፋኑ ተገንጥሎ ነው። ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር አንድ ጸሎት ብቻ ነበረን፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች እንዳይጠፉ። የፍቅር ልበ ወለድ ቢሆን መጨረሻውን ገምቶ መኖር ይቻላል። በዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ግን የመጨረሻው ገጽ ከሌለ ሁለት መቶው ገጽ ለእሳት ማያያዣ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚሁ ዘር የሆኑ ሌሎችም ደርሰውናል። ሪቻርድ ኦስማን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ልበ ወለድ አራት ጡረተኞች፣ ከእነርሱም አንዲት የቀድሞ ሰላይና አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየተሰበሰቡ ግድያ ይመረምራሉ። ሪቻርድ ኮልስ፣ ራሱ ቄስ የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የጻፈው ደግሞ የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሽንት ቤት ይሠራ አይሠራ በሚል ምእመናኑ ለሁለት ሲከፈሉ ነው። (እዚህ ላይ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የሚያውቅ አንባቢ ግድያው ለምን እንደዘገየ ይገርመዋል።)

ታዲያ የሚያስቀን ምኑ ነው? መጀመሪያ የገረመን ነገር ለቅሶ አለመኖሩ ነው። ሰውየው ማታ ሞተ፤ ጠዋት መንደሩ ሻይ ይጠጣል። ድንኳን አይተከል፣ ዕድር አይጠራ፣ ደረቱን የሚደቃ የለ። መርማሪዋ ምስኪን ከቤት ወደ ቤት እየዞረች «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?» ስትል ትደክማለች። ይህ ነገር ነቀምት ቢሆን ኖሮ ምን አደከማት! ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ንፍሮ እየቆረጠመች ብትቀመጥ ማን ከሟቹ ጋር በወሰን ተካስሶ እንደነበር፣ ማን ዘግይቶ እንደመጣ፣ ማን ከልኩ በላይ እንዳለቀሰ አጠገቧ ያሉት እናቶች ሹክ ይሏት ነበር። የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕልም ብትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በታተመው የመጀመሪያ ልበ ወለዷ ላይ እንደምናያት፣ ዋናው መሣሪያዋ ሐሜት ነው። የመንደሯን ሰው ጠባይ አንድ በአንድ ታውቃለች፤ አዲስ የመጣውን ሰው ከዚያ ጋር ታስተያያለች። ያላገኘችው አቦል ቶና በረካን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ግን የመጣው ከአንድ አሳዛኝ ሬሳ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1860 መጨረሻ ላይ ሮድ በምትባል የዊልትሺር መንደር፣ በአንድ ባለጸጋ ቤት፣ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሳቪል ኬንት የሚባል ሕፃን ሌሊት ከአልጋው ተወስዶ ጉሮሮው ተቆርጦ በግቢው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ቤቱ ተዘግቶ ያደረ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከቤተ ሰብ ወይም ከአገልጋይ አንዱ መሆን አለበት። የለንደን ፖሊስ የምርመራ ክፍል ከተቋቋመ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ጆናታን ዊቸር የሚባል መርማሪ ተላከ። ዊቸር የሠርቶ አደር ወገን ሰው ነው። እርሱም የሕፃኑን የአባት ልጅ እኅት፣ የ16 ዓመቷን ኮንስታንስን ጠረጠረና አሳሰረ። እንዴ! የጨዋ ቤት ልጅ? በአንድ ተራ ፖሊስ? ጋዜጣው ጮኸ፤ ዳኞቹ ለቀቋት፤ ዊቸር መሳለቂያ ሆነ። ዊልኪ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1868 ባወጣው ልበ ወለድ ከዚህ ታሪክ ቆንጥሮ ወሰደ፤ የተዘጋ ቤት፣ ሁሉም ተጠርጣሪ የሆነበት ቤተ ሰብ፣ ከውጭ የመጣ መርማሪ። እስከ ዛሬ እንግሊዞች በዚያው ቅርጫት ይሸከማሉ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ከሰባት መቶ ሺሕ በላይ ወታደር ያለቀበት ሕዝብ አንድ ሬሳ ብቻ ያለበትን፣ እርሱም በቂ ምክንያት ያለውን መጽሐፍ ቢወድ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1930 የመርማሪ ልበ ወለድ ጸሐፊዎች ክበብ ተቋቋመና አባል የሚሆን ሁሉ በቀልድ መልክ መሐላ ይፈጽም ነበር። መሐላውም መርማሪዎቻችን በአእምሯቸው ይሠራሉ እንጂ በመለኮታዊ ራእይ፣ በአስማት ወይም በአጋጣሚ አይረዱም የሚል ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ገመድ ነበረ። ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመችው ልበ ወለድ መርማሪው ጌታ ገዳዩን ካጋለጠ በኋላ ሰውየው በሚሰቀልበት ሰዓት ሲያለቅስ እናገኘዋለን። ብሪታንያ ለነፍስ ግድያ ስቅላትን ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የእነ አጋታ ሬዝን ሳቅ ሊለቀቅ የቻለው ከዚያ በኋላ ይመስለናል። ገዳዩ በፖሊስ መኪና ይወሰዳል፤ ሻይ ይፈላል፤ ገመዱን የሚያስብ የለም። በሌላም በኩል በእንግሊዝና በዌልስ በቅርብ ዓመታት በዓመት የሚገደለው ሰው ከ500 እስከ 700 አካባቢ ነው፤ ሕዝቡ 60 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ። እንግዲህ በየመንደሩ የሚገደለው ሰው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው ቀልድ የሆነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚያ ክበብ መሐላ የመጀመሪያ ተከሳሽ የሚሆነው የእኛው ሌባሻይ ነው። ሌባሻይ ለስርቆት እንጂ ለነፍስ የታወቀ አይደለም። ለአንድ ብላቴና የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፤ ልጁ እንደ ሰከረ ሆኖ መቀነቱን ተይዞ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ይከፍላል። አቤት የማይባልበት፣ መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብለት መርማሪ! በመጨረሻ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ እንጂ ስንቱን ንጹሕ ገበሬ እንዳስከፈለ ቤት ይቁጠረው።

አውጫጭኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአንዳንድ አገር አፈርሳታ ይሉታል። የእንግሊዝ መንደር ልበ ወለድ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ታሪክ የለም። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ሜዳ ላይ እንዲወጣ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ከመካከል ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰው ሁሉ በተራው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ፊት ለፊት ለመናገር የሚፈራ በስውር ይጠቁማል፤ ስሙ የማይጠራውን ጠቋሚም «ወፍ» ይሉታል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ አይበተንም፤ የሚታረስ ቢኖር ይደር፣ የሚታጨድ ቢኖር ይርገፍ። ጨርሶ ካልተገኘም አገሩ በሙሉ ተባብሮ ይከፍላል።

አሁን ይህን ከእንግሊዙ ጋር እናስተያየው። እነርሱም ተጠርጣሪዎችን ሁሉ በአንድ ክፍል ይሰበስባሉ፤ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ መርማሪው ሁሉን ጨርሶ ካወቀ በኋላ ለማስደነቅ። እኛ የምንሰበስበው በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ፣ እዚያው ለማወቅ ነው። እነርሱ ዘንድ አንድ ብልህ ሰው አለ፤ ሌላው ሁሉ ተጠርጣሪ። እኛ ዘንድ ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም መርማሪ፣ ሁሉም ዋስ ነው። ነገሩን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አንፈልግም። ለወር የሚቀመጥ ስንቅ የሌለው ድሀ ቶሎ ወደ ማሳው ለመመለስ ሲል ወዳጅ ዘመድ የሌለውን ሰው ስም ሊጠራ ይችላል፤ ወፍም ቂም አለባት። ቢሆንም ጥያቄው ይጠየቅ ነበር። ሜዳው ላይ ተቀምጦ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም ነበር።

እዚሁ ወለጋ በኦሮሞ ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዓት ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል። በጉማ ላይ ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ መደበቁ ከመግደሉ ሌላ ነውር ይሆናልና። ገዳዩ ይሸሻል፤ የእርሱ ወገንና የሟች ወገን በአንድ ገበያ፣ በአንድ ውሃ እንዳይገናኙ ይደረጋል፤ ጃርሶሊ፣ ማለት ሽማግሌዎቹ፣ ይላካሉ፤ የሟች ወገን እምቢ ይላል፤ ደግመው ይላካሉ። ከብት ይከፈላል፣ ይታረዳል፣ የደም እጅ ይታጠባል። የእንግሊዙ መጽሐፍ «ገዳዩ እገሌ ነው» ሲል ያበቃል። ጉማ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እነዚህ ሁለት ቤቶች ነገ እንዴት አድርገው በአንድ መንገድ ያልፋሉ? በዚህ ላይ ልበ ወለድ ቢጻፍ ሚስ ማርፕል ሥራ ፈት ትሆናለች።

በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልበ ወለድ አልተጻፈም ማለታችን አይደለም። ይልማ ሀብተየስ በዚህ መንገድ ከቀደሙት ደራሲዎች አንዱ ነው፤ ማሞ ውድነህም በትርጉምና በድርሰት የሰላይ ታሪኮችን አስለምዶናል፤ ፖሊስና እርምጃው ጋዜጣም ስንት አንባቢ አስነብቧል። ነገር ግን የእኛው ወንጀል ሁልጊዜ ከተማ ይወዳል፤ ሆቴልና መኪና ይወዳል። መንደሩን፣ ሜዳውን፣ ወፏን የነካ፣ ያውም እያሳቀ፣ እኛ እጅ አልገባም።

ለምን እንደሆነ ስንከራከር አንዳችን ያነሣው ነገር ክፍሉን ዝም አሰኘው። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ፤ አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ። መንግሥት አንዱን ታጣቂ ወገን ከሰሰ፤ የተከሰሰው ወገን ካደና መልሶ ሌላውን ከሰሰ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አገር አማራም ኦሮሞም የቀበረ ብዙ ነው። «ገዳዩ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የመኝታ መጽሐፍ ጥያቄ አይደለም፤ በሁለት መግለጫ መካከል ወድቆ የቀረ ጥያቄ ነው። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ የለም፤ ከለንደን የመጣ ዊቸር የለም፤ ሽማግሌ እንዳይላክ እጁን የሚታጠበው ሰው አልታወቀም። በአጋታ ሬዝን የሚስቀው እንግሊዛዊ የሚስቀው መጨረሻው ገጽ ላይ ስሙ እንደሚጻፍ እርግጠኛ ስለሆነ ነው። እኛም ስናነብ የምንቀናበት ሳቁን ሳይሆን ይህን እርግጠኝነት ነው። ያም ቢሆን ሲፈጠር አብሯቸው የተፈጠረ አይደለም፤ የሮድ መንደር ሰዎችም እውነቱን ሲነገራቸው ሰሚ ጆሮ አልነበራቸውም።

ዊቸር እ.ኤ.አ. በ1864 ጤናው ታውኮ በጡረታ ወጣ። በዓመቱ ኮንስታንስ ኬንት በገዛ እጇ ቀርባ «እኔ ነኝ» አለች። የተፈረደባት ሞት ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለወጠላት፤ 20 ዓመት ታስራ ወጣችና ስሟን ለውጣ አውስትራሊያ ገባች፤ እዚያም ነርስ ሆና በ100 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሞተች። የሮድ ሰዎች በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ገበያ ላይ ከኬንት ቤት አገልጋዮች ጋር ሲገናኙ ምን እንደተባባሉ የሚነግረን መጽሐፍ ግን እስካሁን አላገኘንም።