ከብራና ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር፤ የጎጃም መጻሕፍት ምስል ጉዳትና እድሳት

ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ሌሎችም የጎጃም አድባራት በብራና መጻሕፍት ሀብታቸው የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ዛሬ ተመራማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ብራናውን ሳይሆን ምስሉን ነው። ስለዚህ የምስሉ ታሪክ የጽሑፉ ታሪክ አካል ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምስሉ በየደረጃው ምን እንደሚያጣና እድሳቱ ምን ጥንቃቄ እንደሚሻ ማሳየት ነው።

የኢትዮጵያን ብራናዎች በሰፊው በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው፣ በሚኒሶታ ከሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ነበር። ከካታሎጉ ዋና አዘጋጆች አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021 እ.ኤ.አ.) ነበሩ። ፊልሙ ብዙ መጻሕፍትን ለጥናት አብቅቷል። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፣ ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለም ከጥቁሩ የሚለየው በግራጫነቱ መጠን ብቻ ነው። የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ሲተካ በብራናው ላይ የሚቀረው ሻካራ ምልክትም በፊልም ላይ ሊሰወር ይችላል።

ፊልሙ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። ጄፔግ የተባለው አቀማመጥ ምስሉን 8 በ8 ነጥብ ባላቸው ካሬዎች ከፋፍሎ ረቂቁን ዝርዝር ይቀንሳል፤ ፋይሉ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥርም ጉዳቱ ይደራረባል።

ለእድሳቱ የተለያዩ ዘዴዎች አሉ። የደበዘዘውን በብርሃንና በጥላ ልዩነት ማጉላት፣ ብዥታውን በስሌት ማጥራት፣ እያንዳንዱን ነጥብ በጎረቤቶቹ መካከለኛ ዋጋ እየተኩ ጉድፉን ማስወገድ ይቻላል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ጉድፍ የሚያጠፋው ማጣሪያ የቃላት መለያ የሆኑትን ሁለት ነጥቦችም እንደ ጉድፍ ሊያያቸው ይችላል። «ቀተለ» ከ«ቀተሉ» የሚለየው በአንዲት አጭር ጭረት ነው፤ ጭረቷ ከጠፋች የብዙዎች ድርጊት የአንድ ሰው ይሆናል። የታሪክ ጸሐፊውም ያለ ጥፋቱ ይስታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጠፋውን በግምት የሚሞላ መሣሪያ ነው፤ ንባቡ የጸሐፊው ይሁን የመሣሪያው አይታወቅምና።

እንግዲህ የጽሑፍ አርታዒ ግምቱን በቅንፍ እንደሚለይ ሁሉ፣ ምስል አዳሹም የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ማስቀመጥ፣ የሠራውን በቅደም ተከተል መመዝገብ፣ አጠራጣሪውንም ንባብ በተቻለ መጠን ከብራናው ጋር ማመሳከር ይገባዋል። እድሳት ንባብን ይረዳል እንጂ ምስክርነትን አይተካም።