ከዋልያ ጋራ በአንድ መጽሐፍ የተሰየመው ዓሣ

የኤድዋርድ ሩፔል ስም በአገራችን የታሪክ ጽሑፎች ሲነሣ የሚወሳው በ1832 በስሜን በኩል አልፎ ጎንደር መግባቱና ወደ ፍራንክፈርት የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ናቸው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእንስሳት ነገር ሲነሣም ዋልያና ጭላዳ ይጠቀሳሉ፤ ለሁለቱም የሳይንስ ስማቸውን ያወጣላቸው እርሱ ነውና። ከሥራው ውስጥ ግን አንድ ክፍል ተረስቶ ቀርቷል ብለን እናምናለን፤ ይኸውም የዓሣው ክፍል ነው።

ሩፔል ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት በ1831 በምጽዋ ተቀምጦ ነበር። ከ1835 ጀምሮ በየክፍሉ የታተመው መጽሐፉ አርእስቱ ስለ ሐበሻ ምድር እንስሳት ይናገራል፤ ሆኖም ከዋልያና ከጭላዳ ጋራ የቀይ ባሕርን ዓሦችም ያጠቃልላል። ከነዚህም መካከል በኮራል ዐለት ጉድጓድ የሚሸሸግ፥ ከጣት የማይረዝም ትንሽ ዓሣ ይገኛል። ሩፔል ወገኑን ፕሴውዶክሮሚስ አለው፤ «ሐሰተኛ ክሮሚስ» ማለት ነው፤ ክሮሚስ የሌላ ዓሣ ስም ነበርና። ከዚሁ ወገን አንዱን በወይራማ ቀለሙ ኦሊቫሴውስ፥ ሌላውን ፍላቪቬርቴክስ ማለት «አናተ ቢጫ» ብሎ ሰየመው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። የዚሁ ወገን እጅግ ውብ የሆነው፥ መላ አካሉ ሐምራዊ፥ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ዓሣ በሳይንስ ስም ያገኘው በ1968 ነው። ሰያሚው ቮልፍጋንግ ክላውሴቪትስ በፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ሙዚየም የሚሠራ ሊቅ ነበር፤ ሩፔል ስብስቦቹን ያስገባውም ወደዚያው ሙዚየም ነው። ዓሣው ከቀይ ባሕር ውጭ አይገኝም፤ ስሙም የኤይላቱን የባሕር ተመራማሪ ዳዊድ ፍሪድማንን ለማክበር ፍሪድማኒ ተባለ።

ታዲያ 133 ዓመት ለምን አለፈ? ዓሣው ብርቅ ስለ ሆነ ነው ለማለት አይቻልም፤ በሚስማማው ዐለት ላይ በብዛት ይታያልና። መረብ በኮራል ላይ ይያዛል፤ መንጠቆም ለአፉ ይተልቃል። መኖሪያውም ቀጥ ያለ የዐለት ግድግዳና የተንጠለጠለ ድንጋይ ሥር ነው። በ1943 ኩስቶና ጋኛን የሠሩት የመተንፈሻ መሣሪያ ከተስፋፋ በኋላ ግን ጠላቂው ራሱ ወደ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ። እንግዲህ ዕውቀቱን ያዘገየው የሊቃውንት ስንፍና ሳይሆን የመሣሪያው እጥረት ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ፥ ብዙ ሰው እንደ ቤት ጌጥ ብቻ የሚያየው፥ የባሕር ውሃ አኳሪየም ነው። ጠላቂው ለጥቂት ደቂቃ ያየውን የገንዳው ባለቤት ለወራት ያየዋል። ፈሪ የተባለው ዓሣ የራሱን ዓይነት ሲያይ ጨካኝ መሆኑ በዚያ ይታያል። ድንጋዩ ዋሻ ከሌለው ይጨነቃል፤ ገንዳው ካልተከደነም ዘልሎ ይወጣል። ሴቲቱ የጣለችውን፥ እንደ ኳስ የተጣበቀ እንቁላል ወንዱ በጉድጓዱ ውስጥ ይጠብቃል። ይህ ከታወቀ ወዲህ አርቢዎች ጫጩቶቹን በዓይን በማይታዩ ሕያዋን እየመገቡ ማሳደግ ቻሉ፤ ዛሬ ለገበያ ከሚቀርበው ፍሪድማኒ ብዙው ባሕሩን ያላየ፥ በገንዳ የተፈለፈለ ነው።